ውሻ ቁጭ ብሎ ሲያንቀላፋ፣ ተኝቶ ሲንፈራገጥ፣ ሌሊት ሲንጎራደድ፦ የቱ ልማድ፣ የቱ ሕመም?

የኮልፌው
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለቤቱ። የግቢ ውሻ ነው፤ ወንድ፣ 4 ዓመቱ፣ 25 ኪሎ ገደማ፣ የአበሻና የጀርመን ሼፐርድ ቅልቅል። ቀን ይታሰራል፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ይለቀቃል። ሦስት ነገር ግራ አጋብቶኛል።

አንደኛ፣ ቀን ቀን ቁጭ እንዳለ ያንቀላፋል። ጭንቅላቱ ቀስ እያለ ወደ ደረቱ ይወርዳል፣ ብንን ይላል፣ እንደገና ይወርዳል። አይጋደምም። ማታ ሲፈታ ግን በጎኑ ተዘርሮ ይተኛል። ሁለተኛ፣ እንቅልፍ ሲወስደው እግሮቹ ይንፈራገጣሉ፣ ከንፈሩ ይርገበገባል፣ አፉን ሳይከፍት ያላዝናል። ሦስተኛ፣ የቆርቆሮ ቤት ተሠርቶለት ዝናብ ካልጣለ በቀር አይገባም። ሲነጋጋ ሲሚንቶ ላይ ተጠቅልሎ፣ አፍንጫውን ጅራቱ ሥር ወሽቆ ነው የሚገኘው። ግማሹ ሰው ታሟል ይላል፣ ግማሹ ውሻ ነው ተወው ይላል። የ40 ሴኮንድ ቪዲዮ አያይዣለሁ።


ነጭ ጋዋን
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡05

ቪዲዮውን አየሁት። ከጥያቄህ ውስጥ ዋናውን መልስ ራስህ ጽፈኸዋል፦ ማታ ሲፈታ በጎኑ ተዘርሮ ይተኛል። ልቡ ወይም ሳንባው የታመመ ውሻ ቁጭ ብሎ የሚያንቀላፋው ሲጋደም ትንፋሽ ስለሚያጥረው ነው፤ እንዲህ ያለው ሌሊት ይብስበታል እንጂ አይሻለውም። አንገቱን ወደ ፊት ይመዛል፣ ክርኖቹን ከደረቱ ያርቃል፣ ሆዱ ከጎድኑ ጋር ይስባል። ያንተው ውሻ ክርኑ ከደረቱ ጋር ገጥሟል፣ አፉም ዝግ ነው። ስለዚህ ከውሻው በፊት ሰንሰለቱን ተመልከት፤ እሱን ለአናጢው ልተወው።

ቢሆንም ትንፋሹን ቁጠር። ዛሬ ማታ እንቅልፍ ከወሰደው በኋላ፣ ሳትነካው፣ ጎኑ ወጥቶ ሲገባ አንድ እያልክ 30 ሴኮንድ ቆጥረህ በ2 አባዛ። እየተንፈራገጠ ወይም ከሩጫ መልስ እያለከለከ ከሆነ አትቁጠር፣ ይሳሳትብሃል። የተኛ ውሻ በደቂቃ ከ30 በታች ነው የሚተነፍሰው። በተለያዩ ሌሊቶች ደጋግመህ ቆጥረህ ከ30 በላይ እየሆነ ካስቸገረህ ሐኪም ይየው። ከዚያ ጋር ድዱ ሰማያዊ ወይም አመድማ ከሆነ እስኪነጋ አትጠብቅ።

መንፈራገጡ ሕልም ነው። ውሻ እንቅልፍ በገባ በ15 እና 20 ደቂቃ ውስጥ ዓይኑ ከቆብ ሥር መንቀሳቀስ ይጀምራል፣ ትንፋሹ ይዘበራረቃል፣ እግሩ ብልጭ ብልጭ ይላል። በዚያ ሰዓት የአንጎል ግንድ ጡንቻውን አስሮ ይይዘዋል፤ የምታየው ከእስሩ ሾልኮ የወጣውን ነው። በቡችላና በሽማግሌ ውሻ እስሩ ላላ ስለሚል ይበዛል።

ከሚጥል በሽታ ለመለየት እነዚህን እይ። ሕልም ይቆራረጣል፣ እግሩ ልስልስ ነው፣ በስሙ ስትጠራው ይነቃል፣ ሲነቃም ያውቅሃል። የሚጥል በሽታ እንደ እንጨት ያደርቀዋል፣ ከዚያ ሳያቋርጥ በአራት እግሩ ይቀዝፋል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ብዙ ጊዜ ይሸናል፣ ቢጠሩት አይሰማም፣ ካለፈለት በኋላም ግድግዳ እየገጨ ይዞራል። ክብሪት ጭሮ ማሽተት ምንም አይሠራም። ማንኪያ አፉ ውስጥ መክተትም ጣትህን ከማስነከስ በቀር ፋይዳ የለውም። አንገቱ ላይ ያለውን አውልቅ፣ የሚጋጭበትን አንሳ፣ ሰዓት ያዝ። 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም በ24 ሰዓት ውስጥ ከተደገመ አስቸኳይ ነው።

ሕልም ላይ ያለን ውሻ በእጅ አትቀስቅስ። ከሩቅ በድምፅ ጥራው። ደንግጦ የሚነክሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም።


አናጢው
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡40

ሰንሰለቱ ስንት ሜትር ነው? ምሰሶው ላይ የታሰረው ከመሬት በምን ያህል ከፍታ ነው?


የኮልፌው
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡48

2 ሜትር። የብረት ቱቦ ምሰሶ ነው፣ ውፍረቱ ወደ 10 ሳንቲም። ሰንሰለቱ የተበየደው ከመሬት 1 ሜትር ላይ ነው።


አናጢው
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡20

ይኸው። 10 ሳንቲም ውፍረት ያለው ምሰሶ በአንድ ዙር 31 ሳንቲም ሰንሰለት ይበላል። ውሻ ከመተኛቱ በፊት ይሽከረከራል፣ ጥላ ሲዞርም አብሮ ይዞራል፤ ብዙ ጊዜም ወደ አንድ ወገን ያደላል። 4 ዙር ሲሆን 126 ሳንቲም ሄዷል፣ የቀረው 74 ነው። ሰንሰለቱ የተበየደው 1 ሜትር ላይ ስለሆነ፣ ሲጋደም አንገቱ ከመሬት 15 ሳንቲም ላይ ይደርስ ዘንድ ቢያንስ 85 ያስፈልገዋል። በ74 ቁጭ ማለት ይችላል፣ መጋደም አይችልም። ራሱ ፈትቶ ወደ ኋላ መዞርን አያውቅም። ነገ ቀትር ላይ ዙሩን ቁጠረው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ከምሰሶው የሰፋ የብረት ቀለበት አጥልቀህ መሬት አጠገብ አውርደው፤ ከሥሩ አንድ ጠርዝ አስበይድ እንዳይሰጥም። ሰንሰለቱ ቀለበቱ ላይ ይያዝ፣ ቀለበቱ ራሱ ይዞርለታል። ከአንገት ማሰሪያው በኩል ደግሞ የሚሽከረከር መንጠቆ አድርግ፣ አለዚያ ሰንሰለቱ ራሱ ተጠማዞ ያጥራል። ከዚህ የተሻለው በሁለት ምሰሶ መካከል ሽቦ ገመድ ወጥሮ ሰንሰለቱን በተንሸራታች ቀለበት ማንጠልጠል ነው። ጫፍና ጫፉ ላይ ማቆሚያ ይኑረው፣ ምሰሶው ጋ ደርሶ እንዳይጠመጠም። አጥር አጠገብ ግን በፍጹም አትሰር፤ ዘሎ በዚያኛው ወገን ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ወደ ቤቱ ስመጣ፣ እኔም ብሆን አልገባም ነበር። ቆርቆሮ ቀን ይጋላል፣ ሌሊት ይበርዳል፤ የውሻው ትንፋሽ ጣሪያው ላይ ውሃ ሆኖ ጀርባው ላይ ይንጠባጠባል። እንዲህ ሥራው፦

ወለሉን ከመሬት 10 ሳንቲም ያህል አንሳው፤ አራት ጥግ ላይ ብሎኬት አጋድመህ ወይም አሮጌ ፓሌት አንጥፈህ። ግድግዳው ጣውላ ይሁን። ዕቃ ሲገዛ ካርቶን ውስጥ የሚመጣው ነጭ ፎም ካለህ በሁለት ጣውላ መካከል አፍነው፤ ፊት ለፊት ካገኘው ይበላዋል። ስፋቱ ገብቶ ለመዞርና ተጠቅልሎ ለመተኛት የሚበቃ ይሁን እንጂ ሰፊ አታድርገው፤ ሰፊ ቤት የውሻው ሙቀት አያሞቀውም። ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ መነሻ ለካና 10 ወይም 15 ሳንቲም ጨምር። የመግቢያው ቁመት የትከሻው 3/4 ይብቃው፣ ጎንበስ ብሎ ይገባል። መግቢያውን መሃል ላይ አታውጣ፣ ወደ አንድ ጎን ገፋ አድርገው፤ በሌላው በኩል ነፋስ የማያገኘው ማዕዘን ይፈጠርለታል። ጣሪያው ወደ ኋላ ይዘቅዝቅ።

ብዙ ሰው የሚረሳው አቅጣጫውን ነው። ጠባቂ ውሻ በሩ ወደ ግድግዳ የዞረ ቤት ውስጥ አይተኛም፣ የግቢውን በር ማየት አለበት። በሩንም ነፋሱንም ማስማማት ካልቻልክ በሩን አስቀድምና መግቢያው ላይ የወፍራም ላስቲክ መጋረጃ ስቀል።

ምንጣፉ ገለባ ይሁን፤ የስንዴ ገለባ ውስጡ ክፍት ስለሆነ አየር ይይዛል። ከ15 እስከ 20 ሳንቲም ውፍረት፣ በየሁለት ሳምንቱ የሚቀየር። ማዳበሪያና አሮጌ ብርድ ልብስ አንድ ጊዜ ከረጠበ አይደርቅም።


መዥገር ነቃይ
እሁድ፣ ከጠዋቱ 1፡30

አናጢው ያልነካው አንድ ምክንያት አለ፦ ቁንጫ። ቤቱ ውስጥ ገብቶ ከ10 ደቂቃ በኋላ ጀርባውን እያከከ የሚወጣ ውሻ ቤቱን ሳይሆን ቁንጫውን ነው የጠላው። ጅራቱ መነሻ ላይ ፀጉሩን በማበጠሪያ አበጥርና የወጣውን ጥቁር ደቃቅ ነገር እርጥብ ነጭ ሶፍት ላይ አድርገው። ቀይ ቡናማ ሆኖ ከተንሰራፋ የቁንጫ ኩስ ነው፣ ማለትም የውሻው ደም። ዕንቁላሉና ትሉ ያለው ውሻው ላይ ሳይሆን ገለባው ውስጥ ነው። ገለባውን አውጥቶ ማቃጠል፣ ወለሉን በፈላ ውሃ ማጠብ፣ ውሻውንም በዚያው ቀን ማከም፤ አንዱን ብቻ ከሠራህ በሦስት ሳምንት ይመለሳል። ናፍጣና የተቃጠለ ዘይት መቀባት ቆዳውን ያቃጥላል፣ ሲልሰውም ይመርዘዋል። የእህል ወይም የከብት ፀረ ተባይ በግምት በጥብጦ ማጠብ ከዚያም የባሰ ነው፦ ለሃጭ፣ መንቀጥቀጥ፣ የዓይን ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ መጥበብ፣ ከዚያ ሞት።


ሲልቨር ስፕሪንግ
እሁድ፣ ከቀኑ 9፡15

ዶክተር፣ እርስዎ ካሉ አይቀር አንድ ልጠይቅ። የአፓርታማ ውሻ፣ ፍሬንች ቡልዶግ፣ ሴት፣ 3 ዓመቷ፣ 14 ኪሎ። አገጯን የሶፋው እጀታ ላይ ሰቅላ ነው የምትተኛው፤ አንዳንዴ ኳስ ነክሳ። ታንኮራፋለች፣ መሃል ላይ ዝም ትልና በድንገት ተንፍሳ ትነሳለች። ሰው ሁሉ ስታምር ይላል። ልማድ ነው?


ነጭ ጋዋን
እሁድ፣ ከምሽቱ 1፡20

እህቴ፣ ይህ ልማድ አይደለም። አፍንጫዋ አጭር ስለሆነ የላንቃዋ ሥጋ ጉሮሮዋ ላይ ይተኛል። አገጯን የምትሰቅለው መተንፈሻው ቀጥ እንዲልላት ነው። ኳስ የምትነክሰው አፏ ተከፍቶ እንዲቆይ፤ ራሷ ያገኘችው ብልሃት ነው። ዝም ብላ በድንገት የምትነሳው ትንፋሿ ተቋርጦ ነው። ተመራማሪዎች የሰውን የእንቅልፍ ትንፋሽ መቋረጥ ለማጥናት ከ1980ዎቹ ጀምሮ እንግሊዝ ቡልዶግን የተጠቀሙት በዚህ ምክንያት ነው።

ሐኪሟ ጋ ስትሄጂ የ2 ደቂቃ የሌሊት ቪዲዮ ይዘሽ ሂጂ፣ ነቅታ ስትመረመር አይታይም። የአፍንጫዋ ቀዳዳ መጥበቡንና የላንቃዋን ርዝመት እንዲያዩ ጠይቂ፤ ሁለቱም በቀዶ ሕክምና ይስተካከላሉ፣ በወጣትነት ሲሆን ደግሞ ይሻላል። 14 ኪሎ ለብዙ ፍሬንች ሴት በዛ ይላል። ጎድኗን በእጅሽ ዳብሺ፤ ሳትጫኚ ካልቆጠርሽው ምግቧን ቀንሺ። አንገት ላይ የሚታሰረውን ትተሽ ደረት ላይ የሚታሰር አድርጊላት፣ የምትተኛበትም ክፍል ቀዝቀዝ ይበል። ተኝታ ዓይኗ ሙሉ በሙሉ ካልተዘጋም ንገሪያቸው፤ እንደ እሷ ያሉት ዓይናቸው ወጣ ያለ ስለሆነ ሌሊት ደርቆ ይቆስላል።


ቡችላና ቡና
እሁድ፣ ከምሽቱ 2፡00

እዚህ አገር ያለው ትልቁ የመኝታ ለውጥ በጾምና በፍስክ መካከል ነው፣ ማንም አላነሳውም። በትርፍራፊ የሚኖር ውሻ ሁዳዴ ሲገባ አጥንትና ሥጋው ይቀርና ለ55 ቀን ሽሮና እንጀራ ይሆናል። ሌሊት እየተነሳ አፈር የሚቆፍረውና ቆሻሻ የሚገለብጠው ርቦት ነው። ማታ ከመለቀቁ በፊት የተቀቀለ ዕንቁላል ወይም ሳንባ ቢጨመርለት ይተኛል።


መዥገር ነቃይ
እሁድ፣ ከምሽቱ 2፡25

ሽሮው ውስጥ ደግሞ ሽንኩርት አለ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፤ መብሰሉ አያድነውም። ከበላ ከጥቂት ቀን በኋላ ውሻው ሙሉ ቀን ይተኛል፣ ሲጠሩት ጅራቱን ብቻ ያነሳል፣ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ የቡና አተላ ይመስላል።


የላሊው
እሁድ፣ ከምሽቱ 2፡40

አጋነናችሁት ጓዶች። የአበሻ ውሻ ስንት ዘመን ወጥ ሲበላ ኖሯል፣ መቼ ሞተ?


ነጭ ጋዋን
እሁድ፣ ከምሽቱ 3፡10

ጥያቄው ተገቢ ነው። ልኩን ልንገርህ፦ በአንድ ጊዜ ከክብደቱ 0.5 በመቶ በላይ ሽንኩርት የበላ ውሻ ላይ የደም መፍረስ ይታያል። ለ25 ኪሎ ውሻ 125 ግራም ነው፣ አንድ ትልቅ ራስ። ድስት ጠርጎ የሚበላ ውሻ በቀላሉ ይደርስበታል። ከዚያ በታች በየቀኑ የሚበላም ጉዳቱ ይጠራቀምበታል፤ ሲዝል ግን እርጅና ነው፣ ስንፍና ነው ተብሎ ይታለፋል። ነጭ ሽንኩርት በግራም ሲለካ ከዚያ የበረታ ነው። ስለዚህ እንጀራው ይሰጠው፣ ወጡ ይቅር።

ድዱ የነጣ ውሻ ሁሉ ግን ሽንኩርት አይደለም። መዥገር የሚያስተላልፋቸው ኤርሊኪያና ባቤሲያም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ ትኩሳት አላቸው፣ ኤርሊኪያ አንዳንዴ ነስር ያመጣል። የውሻ ሙቀት በፊንጢጣ ሲለካ ከ38.3 እስከ 39.2 ነው። ከ39.5 አልፎ፣ ጆሮው ውስጥና በጣቶቹ መካከል መዥገር ካለ፣ የደም ምርመራ ይሠራለት። ድዱን በጣትህ ተጭነህ ልቀቅ፤ ነጣ ብሎ በ2 ሴኮንድ ውስጥ ካልቀላ አትዘግይ።

የፍስኩ ደግሞ ሌላ ነው። የፋሲካ ማግስት የበግ ላትና ጮማ የተጣለለት ውሻ የፊት እግሩን መሬት ላይ ዘርግቶ፣ ደረቱን አስነክቶ፣ ቂጡን ወደ ላይ አድርጎ ሲቆይ ሰው ሰገደ ብሎ ይስቃል። ቡችላ ለጨዋታ ሲያደርገው አንድ ሁለት ሴኮንድ ነው፣ ጅራቱም ይወዛወዛል። ደቂቃዎች ከቆየበት፣ ተነስቶ ተመልሶ እዚያው ከገባ፣ ካስታወከ፣ ሆዱን እያመመው ነው፣ ቆሽቱ ተቆጥቶ ሊሆን ይችላል። ሆዱን ሲነኩት ይጠነክራል። ምግብ አትስጡት፣ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ፣ ከዚያ ሐኪም። ከቤት ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን መስጠት ጨጓራውን ይበሳል፣ ኩላሊቱን ይገድላል። በበሽታው ሳይሆን በክኒኑ የሚሞቱ አሉ።

ደረቱ ጥልቅ የሆነ ትልቅ ውሻ፣ ጀርመን ሼፐርድን የመሰለ፣ በልቶ ማታ ላይ ተኝቶ መነሳት፣ ተነስቶ መተኛት ካበዛ፣ ሊያስታውክ ሞክሮ አረፋ ብቻ ከወጣው፣ ግራ ጎኑም እንደ ከበሮ ከተነፋ፣ ጨጓራው ተጠማዟል። ይህ በሰዓታት ውስጥ የሚገድል ነው። ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ቦታ ቀድማችሁ እወቁ፣ በዚያ ሌሊት መፈለግ አይቻልም።


የላሊው
እሁድ፣ ከምሽቱ 3፡30

ድዱን ነገ አያለሁ እንግዲህ። ሌላ ልጨምር፦ 12 ዓመት የሆናት አሮጊት ውሻ ቀኑን ሙሉ ትተኛለች፣ ሌሊት ትንጎራደዳለች፣ ማዕዘን ውስጥ ገብታ መውጫው ይጠፋባታል። ምን ይደረግ?


ነጭ ጋዋን
እሁድ፣ ከምሽቱ 3፡50

መጃጀት ነው፣ በውሻም አለ። መጀመሪያ ግን ሕመም እንዳልሆነ አጣራ፦ ስትነሳ የኋላ እግሯ ይደነቃቀፋል? ውሃ መጠጣት፣ መሽናት በዝቶባታል? ዓይኗ ይደበዝዛል? እነዚህ ከሌሉ ሌሊት ትንሽ መብራት ይበራላት፣ ማታ ቀስ ያለ የ15 ደቂቃ እርምጃ፣ ዕቃ ከቦታው አይንቀሳቀስ። ከ8 ሳንቲም ያላነሰ ወፍራም ስፖንጅ አንጥፍላት፤ በጡጫህ ስትጫነው ወለሉ ከተሰማህ አይበቃም። ክርኗ ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ካለ አታፍርጠው፣ የጠንካራ ወለል ሥራ ነው፣ ስፖንጁ ያሟሽሸዋል። ማዕዘን ውስጥ ቆማ ግንባሯን ግድግዳ ላይ የምትጫን ከሆነ ግን መጃጀት አይደለም፣ የአንጎል ወይም የጉበት ነገር ነውና ፈጥነህ ውሰዳት።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ሰው ወዳድ የነበረ ውሻ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ጠባዩ ተለውጦ አልጋ ሥር፣ መጋዘን ውስጥ፣ ጨለማ ቦታ እየገባ መተኛት ከጀመረ፣ ብርሃንና ድምፅ ካስፈራው፣ ድምፁ ከጎረነነ፣ መንጋጋው ወርዶ ለሃጩ ከፈሰሰ፣ የእብድ ውሻ በሽታን አስቡ። በአገራችን ያለ በሽታ ነው። የሚናከሰው ዓይነት ብቻ አይደለም፤ ዝም ብሎ የሚተኛና ሽባ የሚሆንም አለ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ አጥንት ጉሮሮው ላይ ቆሞበታል ብሎ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። አትንኩት፣ በሩን ዝጉበት፣ ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ደውሉ። የነከሰው ወይም ለሃጩ ቁስል ላይ ያረፈበት ሰው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ይታጠብና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ፤ ውሻው እስኪሞት አይጠበቅም። ክትባት በ3 ወሩ፣ ከዚያ በየዓመቱ።


ቡችላና ቡና
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡15

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመልሳችሁ፤ አፍንጫውን ጅራቱ ሥር መወሸቁ አልተመለሰም። ብርድ ነው፣ ሌላ አይደለም። ባሌ ተራሮች ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ቀይ ቀበሮ ሜዳ ላይ የሚያድረው እንደዚሁ ተጠቅልሎ ነው፤ ዋሻ የሚገባው ግልገል ሲኖር ነው። አዲስ አበባም ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ቀን ሙቀት ላይ ሆዱን ወደ ሰማይ ሰጥቶ ሲተኛ ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ ፀጉር የሳሳበትን ሆዱንና ብብቱን እያናፈሰ ነው።

በቀን ስንት ሰዓት ይተኛል ለሚል፣ ያደገ ውሻ በ24 ሰዓት ከ10 እስከ 14፣ ቡችላ እስከ 20 ይደርሳል። ሌሊቱን ጅብ ሲጮህ አብሮ ሲጮህ ያደረ ጠባቂ ውሻ ቀን ቢተኛ የሌሊቱን ነው የሚያካክሰው።


የኮልፌው
ሰኞ፣ ከቀኑ 8፡05

ትንፋሹ 18 ነው፣ ሁለት ጊዜ ቆጠርኩት። ድዱ ቀይ ነው። ቀትር ላይ ሰንሰለቱ ምሰሶው ላይ 5 ዙር ሄዶ ነበር፤ ስፈታለት እዚያው ተጋደመ። ቀለበቱን ዛሬ አስበይዳለሁ። ሶፍቱ ላይ ቀይ የለም፣ ስለዚህ የቀረው ቤቱ ነው። አናጢው፣ የመግቢያው ቁመት የትከሻው 3/4 ያልከው ከየት እስከ የት ተለክቶ ነው?


አናጢው
ሰኞ፣ ከቀኑ 8፡30

አራቱን እግሩን አቁመህ፣ ከመሬት እስከ ትከሻው አናት፣ አንገቱ ከጀርባው ጋር እስከሚገናኝበት። ጭንቅላቱን አትቁጠር። 60 ሳንቲም ከሆነ መግቢያውን 45 አውጣ። ልኬቱን የምትጀምረው ከቤቱ ወለል ሳይሆን ከደፉ ነው፤ ገለባው 15 ሳንቲም ስለሚሞላ ደፉን 15 ከፍ አድርገውና 45ቱን ከደፉ በላይ ቁጠር፣ አለዚያ ገለባው ሁሉ ውጭ ነው የሚያድረው።